በማኅተም ለሚሠራ የመልካም ምኞት ካርድ የቀለም አቀባብ ስልቶች

እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ እንግሊዛዊ ለገና በዓል ለወዳጆቹ ሁሉ በየስማቸው ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ስላጠረው፣ ሠዓሊው ጆን ካልኮት ሆርስሊ አንድ ካርድ እንዲሥልለት አደረገ። ካርዱ ወደ 1,000 በሚጠጋ ቅጂ ታትሞ እያንዳንዱ በ1 ሺሊንግ ተሸጠ፤ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የገና ካርድ ተብሎ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። እዚህ ያነሣሁት ስለ አሠራሩ ነው። ከማተሚያው የወጣው የሥዕሉ መስመር ብቻ ሲሆን፣ ቀለሙ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ በእጅ ይቀባ ነበር።

የእኛም የእንቁጣጣሽ ሥዕል ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ልጆች ሳለን አንዱን አበባ ወይም አንዱን መልአክ በካርቦን ወረቀት ደጋግመን እንገለብጥና፣ መስመሩ የሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለየቤቱ የምናዞረውን በየራሱ ቀለም እንቀባው ነበር። ዛሬ በማኅተም ካርድ የሚሠራ ሰውም ሥራውን የሚከፍለው በዚሁ መንገድ ነው፤ መስመሩን ማኅተሙ ያወጣለታል፣ የቀረው የእርሱ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ለምሳሌ የምወስደው የአደይ አበባ ሥዕል ያለበትን የእንቁጣጣሽ ካርድ ነው። የመረጥኩት ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ከታች እንደሚታየው ቢጫ ከሁሉም ቀለም ይልቅ ጥላ ለመስጠት የሚያስቸግር በመሆኑ፣ ቢጫን የተማረ ሰው ሌላው አይከብደውም።

መስመሩና መቀቢያው ሲጣሉ

አዲስ የአቀባብ ስልት ለመማር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ወደ ማርከርና ወደ ብሩሽ ይሄዳል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ማኅተሜን ያተምሁበት ጥቁር ቀለም በምንም ላይ የማይለቅ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ሲሆን፣ በውሃ ሞክሬው በእርግጥም አልለቀቀም። በላዩ በአልኮል ማርከር፣ ማለትም ቀለሙ በአልኮል በተበጠበጠ ማርከር፣ ቢጫ ስቀባበት ግን ጥቁሩ መስመር ቀልጦ ወደ አበባው ውስጥ ፈሰሰ፤ 12 ካርድ ካበላሸሁ በኋላ ነው ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን የሁለቱ ቀለሞች አለመስማማት መሆኑን የተረዳሁት።

ግራ እንዳያጋባ፣ ማኅተሙ የሚነከርበትን «የማኅተም ቀለም»፣ በመስመሩ ውስጥ የምንሞላበትን ደግሞ «መቀቢያ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሕጉ አጭር ነው፤ መቀቢያው የሚሟሟበት ፈሳሽ የማኅተሙን ቀለም የሚያሟሟ መሆን የለበትም። የማኅተም ቀለሞች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው በውሃ የተበጠበጠና ወደ ወረቀቱ ዘልቆ የሚገባ ቀለም ሲሆን፣ ሜሜንቶ የተባለው የጃፓን ምርት የታወቀ ምሳሌው ነው፤ ከደረቀ በኋላ የአልኮል ማርከርን ይችላል፣ ውሃ ሲነካው ግን ሊለቅ ይችላል። ሁለተኛው ፒግመንት የሚባለው፣ በወረቀቱ ላይ እንደ ቅባት ተቀምጦ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀለም ነው፤ ከእነዚህ መካከል እንደ ቨርሳፋይን ያለው በሚገባ ከደረቀ ውሃን ስለሚቋቋም ለውሃ ቀለም ሥራ እጅግ ተስማሚ ሲሆን፣ የማርከር ጫፍ ሲያልፍበት ግን እየተላጠ ይቆሽሻል፣ ማርከሩንም ያበላሻል። ሦስተኛው እንደ ስቴዝኦን ያለ፣ በአልኮል መሰል ፈሳሽ የተበጠበጠ፣ በመስታወትና በፕላስቲክ ላይ ሳይቀር የሚይዝ ቀለም ነው፤ ውሃ አይበግረውም፣ የአልኮል ማርከር ግን ያቀልጠዋል። የእኔን 12 ካርዶች የበላው ይኸኛው ነበር።

በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ስታምፕ ፓድ በእጅ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው እርሱን ይሞክራል። ቀለሙ እንዳይደርቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ለደብዳቤ ማኅተም ይመቻል፣ ለሚቀባ ሥዕል ግን አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ በውሃም በአልኮልም ይለቃል። በእርሱ ከተጠቀሙ በደረቅ ባለቀለም እርሳስ ብቻ ይቅቡ።

ማንኛውንም ስልት ከመጀመርዎ በፊት አንድ የሙከራ ወረቀት ያዘጋጁ። በእጅዎ ባሉት የማኅተም ቀለሞች ሁሉ አንዱን ማኅተም ጎን ለጎን ያትሙ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያድርቁት፣ ከዚያም በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ጊዜ እርጥብ ብሩሽ፣ አንድ ጊዜ ፈዛዛ ማርከር ያሳልፉበትና የሆነውን ከሥሩ ይጻፉ። ይህ ወረቀት የሥራ ጠረጴዛዎ ላይ ተለጥፎ ይኑር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ በቃል ማስታወስ አይቻልም።

ወረቀቱም ለመቀቢያው መመረጥ አለበት። ለአልኮል ማርከር የሚሆነው ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ፣ በካሬ ሜትር ከ200 ግራም በላይ የሆነ ነጭ ካርድ ነው፤ ስስ ወረቀት ቀለሙን ወዲያው ጠጥቶ ስለሚያሰፋው ከመስመር ያወጣል። ለውሃ ቀለም ደግሞ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሆነ የውሃ ቀለም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ከዚህ የሳሳው ሲረጥብ ይጎብጣል። የውሃ ቀለም ወረቀት ሸካራና ለስላሳ ተብሎ ይለያል፤ ማኅተም ለሚያርፍበት ሥራ ለስላሳው ይመረጣል፣ በሸካራው ላይ ቀጭን መስመሮች ስለሚቆራረጡ ነው። ባለቀለም እርሳስ በተቃራኒው ጥቂት ሸካራነት ይፈልጋል፤ እጅግ በለሰለሰ ካርድ ላይ ከሁለትና ከሦስት ድርብ በኋላ መያዝ ያቆማል።

ስለ ማኅተሙ አስተራረፍ ብዙ የምለው የለኝም። ግልጽ የሆነው የፕላስቲክ ማኅተም አዲስ ሳለ ቀለም ስለማይቀበል ፊቱን በላጲስ ቀስ አድርገው ያሹት። ከወረቀቱ በታች ጥቂት ወረቀቶች ደርበው ያንጥፉ፣ ማኅተሙን ቀጥ አድርገው ያሳርፉ፣ ሳያወዛውዙ ይጫኑ፣ ቀጥ አድርገው ያንሡ። ማኅተም መግዛት የማይመቸው ሰው ትልቅ ላጲስ በስል ምላጭ ቀርጾ ቀላል የአደይ አበባ ማኅተም ሊሠራ ይችላል፤ ፊደል የሚቀርጽ ከሆነ ግን ገልብጦ መቅረጹን አይርሳ።

የአልኮል ማርከር

በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነው ኮፒክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ኮፒክ ስኬች የሚባለው ዓይነት 358 ቀለሞች አሉት። ውድ ነው፤ ሆኖም ቀለሙ ሲያልቅ ይሞላል፣ ጫፉም ይቀየራል። ባይገዙት እንኳን የቁጥር አሰጣጡን ማወቅ ይጠቅማል፣ የጥላ አሰጣጥን ትምህርት በውስጡ ይዟልና። ከፊት ያለው ፊደል የቀለሙን ወገን ይነግራል፤ ለምሳሌ «ዋይ» (Y) ቢጫ ነው፣ «ዋይአር» (YR) ቢጫና ቀይ የተገናኙበት ብርቱካናማ ነው፣ «ኢ» (E) የአፈር ቀለማት ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ቀለሙ ምን ያህል የጠራ ወይም ወደ ግራጫ ያዘነበለ እንደሆነ ያሳያል፤ 0 ከሆነ የጠራ፣ 9 ከሆነ የደበዘዘ ነው። የመጨረሻው ቁጥር ንጣቱንና ጥቁረቱን ያሳያል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቀለሙ ይጠቁራል። ስለዚህ ዋይ 11፣ ዋይ 13፣ ዋይ 15 እና ዋይ 17 አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ተከታትለው ሲቀቡ ያለ ችግር ይዋሐዳሉ። ሌሎች ርካሽ ማርከሮች ቁጥራቸው ይህን ሥርዓት ስለማይከተል፣ በሚቀቡበት ወረቀት ላይ የራስዎን የቀለም ሠንጠረዥ መሥራት የግድ ነው። በማርከሩ ክዳን ላይ የሚታየው ቀለምና ወረቀት ላይ የሚያርፈው ቀለም ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ማኅተሙ በተቆረጠ ብቻውን ባለ ካርድ ላይ ይረፍ እንጂ በታጠፈው ካርድ ላይ አይረፍ፤ የአልኮል ማርከር ወደ ጀርባ ያልፋልና ከውስጥ የሚጻፈውን ያበላሻል። ከሥሩ አሮጌ ወረቀት ያንጥፉ። ከሁሉ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይወስኑ፤ ለምሳሌ ከላይ ከግራ ካሉ፣ በካርዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ጥላው ከታች ከቀኝ ይሁን። ይህን ውሳኔ በእርሳስ በወረቀቱ ዳር በትንሽ ቀስት ምልክት ማድረግ አያሳፍርም። ልምድ ያላቸውም ያደርጉታል።

ከዚያ አንዱን የአበባ ቅጠል ብቻ በፈዛዛው ቀለም ሙሉ በሙሉ ያርጥቡ። ሳይደርቅ መካከለኛውን ቀለም ይውሰዱና ጥላ ከሚያርፍበት ጫፍ፣ ማለትም ከአበባው ልብ አጠገብና ሌላ ቅጠል ከተደረበበት ቦታ ጀምረው ወደ ብርሃኑ አቅጣጫ ያውጡት። እዚህ ላይ የእጅ አኳኋን ወሳኝ ነው፤ የማርከሩ ብሩሽ ጫፍ ጥላው ላይ ተጭኖ ይጀምርና ወደ ብርሃኑ ሲደርስ እየቀለለ ከወረቀቱ ይነሣል፣ ልክ ጤፍ በሰፌድ ሲበጠር እጅ ብድግ እንደሚለው። በዚህ መንገድ የሚወጣው መስመር መነሻው ወፍራም፣ መድረሻው ቀጭን ስለሚሆን የሁለቱ ቀለሞች ድንበር አይታወቅም። ቀጥሎ ጠቆር ያለውን በጥላው ጥግ ላይ ብቻ በጥቂቱ ያድርጉ። ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ በመካከለኛው ቀለም የጠቆረውን ድንበር ይሻገሩ፣ በፈዛዛው ደግሞ የመካከለኛውን። ብዙ ጀማሪዎች የሚተዉት ይህንን መልስ ጉዞ ነው፣ ቀለማቸው ሦስት ሰንበር ሆኖ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአልኮል ቀለም እርጥብ ሳለ የጠቆረ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይፈዛል። ስለዚህ ጥላው በዛ ብለው ከመደንገጥዎ በፊት አምስት ደቂቃ ይታገሱ። ወረቀቱ ከጠገበ በኋላ ደጋግሞ መቀባት ግን ቀለሙን ከመስመር ውጭ ያስወጣዋል። ያን ጊዜ «ቀለም አልባ» የሚባለው ማርከር ይረዳል። ስሙን ሰምተው ቀለሞችን የሚያዋሕድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በእርግጥ የሚያደርገው ቀለሙን ከነበረበት ገፍቶ ማባረር ነው። ወደ ውጭ የፈሰሰውን ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፉ ለመመለስ ይጠቅማል፣ ያውም ለፈዛዛ ቀለም እንጂ ለጥቁር ወይም ለደማቅ ቀይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም።

ቢጫ

ለሌሎች ቀለሞች የጠቆረውን ወንድማቸውን መጨመር ብቻ ጥላ ይሆናል። ቢጫ ግን እንዲህ አይደለም። በተፈጥሮው ከቀለማት ሁሉ ለነጭ የቀረበ ስለሆነ፣ በፈዛዛው ቢጫና በደማቁ ቢጫ መካከል ያለው ልዩነት ዓይን ጥላ ብሎ የሚቀበለው አይደለም፤ ሦስት ቢጫ ደርበን ስንጨርስ አበባው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ጥቁር ወይም ግራጫ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ይህ የቀባው ሰው ስሕተት አይደለም፤ ጥቁር ቀለም ከቢጫ ሲገናኝ ወይራ መሰል አረንጓዴ ይወጣዋል።

መፍትሔው ወደ ጥቁር ሳይሆን ወደ ጎን መሄድ ነው። የቢጫ ጥላ የሚገኘው ከብርቱካናማና ከቡናማ ወገን ነው። በኮፒክ ብንሄድ ለአደይ አበባ ዋይ 13ን ለብርሃኑ፣ ዋይ 15ን ለመካከሉ፣ ዋይ 17ን ለጥላው፣ ዋይአር 23ን ደግሞ ከልቡ ሥር ላለው ጥግ እጠቀማለሁ፤ ሌላ ማርከር ያለው ሰው «የሎሚ ቢጫ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ብርቱካናማ የነካው ቢጫ፣ ሰናፍጭ» ብሎ ተመሳሳዩን ያገኛል። የመጨረሻው ቀለም ከቅጠሉ ርዝመት አንድ አምስተኛውን እንኳን መሸፈን የለበትም፤ ከዚያ ከበዛ አበባው የደረቀ ይመስላል።

ሁለተኛ መንገድም አለ፣ እኔም ይህኛውን እወደዋለሁ። በቀለም ክብ ላይ ከቢጫ ትይዩ የሚቀመጠው ሐምራዊ ነው፤ ትይዩ ቀለሞች ሲደራረቡ አንዱ የሌላውን ድምቀት ይቀንሳል። ስለዚህ ቢጫውን ከመቀባትዎ በፊት ጥላ በሚያርፍበት ጥግ እጅግ ፈዛዛ ሐምራዊ በስሱ ይቅቡና ይድረቅ፣ ከዚያ ቢጫውን በላዩ ያሳልፉ። የሚወጣው ጥላ ረጋ ያለ ቀለም ያለው፣ ከብርቱካናማው ይልቅ ለተፈጥሮ የቀረበ ነው። ሐምራዊው ሊያዩት የሚያዳግት ያህል ፈዛዛ ካልሆነ ግን ውጤቱ ጭቃ ይሆናል፤ ስለዚህ በሙከራ ወረቀት ሳይሞክሩ በካርዱ ላይ አይድፈሩት።

ከቢጫ ጋር የሚሠራ ሰው ንጽሕናን መልመድ አለበት። የፈዛዛው ማርከር ጫፍ የጠቆረውን ሲነካ ቀለሙን ይዞ ይነሣል፣ በሚቀጥለው አበባም ላይ ያሰፍረዋል። ከእያንዳንዱ ቅጠል በኋላ ጫፉ ንጹሕ ቢጫ እስኪያወጣ ድረስ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይሞነጫጭሩበት። በተመሳሳይ ምክንያት አበባውን አስቀድሞ፣ አረንጓዴውን ግንድ ቀጥሎ፣ ጠቆር ያለውን የአበባውን ልብ ከሁሉ መጨረሻ መቀባት ይሻላል። ለግንዱና ለቅጠሉ ጥላም ጥቁር አይጨምሩበት፤ የወይራ አረንጓዴ ወይም ጥቂት ቡናማ ይበቃል።

አበባው በባዶ ነጭ ላይ የተንሳፈፈ ከመሰለዎት ከብርሃኑ ተቃራኒ ባለው የውጭ መስመር ዙሪያ ብቻ ቀጭን የፈዛዛ ግራጫ ጥላ ያሳልፉ። ትንሽ ነገር ነው፤ ሥዕሉን ግን ወዲያው ከወረቀቱ ያነሣዋል። ጤዛ መሰል ነጭ ነጥብ ለመጨመር የሚሆነው ነጭ ጄል እስክሪብቶ ሲሆን፣ ሁሉም ከደረቀ በኋላ በሁለትና በሦስት ቦታ ብቻ ይደረግ።

በውሃ

የእንቁጣጣሽ ካርድ የሚሠራው በነሐሴ ነው፤ በነሐሴ ደግሞ በደጋው አገር አየሩ እርጥብ ስለሆነ ወረቀትም ቀለምም ለመድረቅ ይዘገያሉ። በበጋ በአሥር ደቂቃ የሚደርቀውን ሥራ በክረምት እጥፍና ከዚያ በላይ ጊዜ ይስጡት፤ ወይም የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከራቅ ብሎ ይንፉበት። የአረብ አገርና የሰሜን አሜሪካ በጋ ላይ ላሉ ወገኖች ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በማቀዝቀዣ አየር በደረቀ ክፍል ውስጥ ቀለሙ ሳይሰራጭ ስለሚደርቅ ፈጥኖ መሥራትና አንድ አንድ ቅጠል ብቻ ማርጠብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ስልት በእርጥብ ላይ እርጥብ መቀባት ነው። ማኅተሙ በማይለቅ ቀለም ታትሞ ከደረቀ በኋላ አንዱን የአበባ ቅጠል በንጹሕ ውሃ ይሙሉት፤ ወረቀቱ ሲያብረቀርቅ ይታይ እንጂ ውሃው አይቁም። በብሩሽ ጫፍ ጠቆር ያለውን ቀለም ከአበባው ልብ አጠገብ ያንጠባጥቡና እጅዎን ያንሡ። ቀለሙ ራሱ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ማርከር በሦስት ቀለም የሠራውን ውሃ በአንድ ቀለም ይሠራዋል። ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው ነገር አለመንካት ነው። ግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ ተጨማሪ እርጥብ ብሩሽ ቢያሳርፉ ውሃው ቀለሙን ወደ ዳር ገፍቶ ጫፉ የተሸራረፈ እድፍ ያወጣል። ሁለት ተጎራባች ቅጠሎች እርጥብ ሆነው ከተገናኙ አንዱ ወደ ሌላው ስለሚፈስ፣ አንዱን ቀብተው አንዱን እየዘለሉ ይዙሩና ሲደርቅ ወደ ተዘለሉት ይመለሱ።

ሁለተኛው ስልት እስካሁን የተናገርኩትን ሕግ ሆን ብሎ መጣስ ነው። ማኅተሙ በውሃ በሚለቅ ቀለም፣ ለምሳሌ በሰናፍጭ ወይም በፈዛዛ ቡናማ፣ በውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ይታተማል። ከዚያ በሶፍት የተጠረገ፣ እርጥብ ቢሆንም ውሃ የማያንጠባጥብ ብሩሽ ከመስመሩ ውስጠኛ ጫፍ ጋር ይነካካና ቀለሙ ወደ ቅጠሉ መሐል ይሳባል። መስመሩ ራሱ መቀቢያ ስለሆነ ጥላው ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል እየፈዘዘ ይሄዳል፣ ከሥዕሉ ቀለም ጋርም አይጣላም። ሬንጀር የተባለው ኩባንያ የሚያወጣው ዲስትረስ የሚሉት የማኅተም ቀለም ለዚሁ ተብሎ ከውሃ ጋር እንዲላወስ የተሠራ ነው። በአንድ ቅጠል ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ አይነካኩ፤ ከበዛ መስመሩ ጨርሶ ይጠፋል። ለጀማሪ ከሁሉ ርካሹና ቶሎ ውጤት የሚያሳየው ስልት ይህ ይመስለኛል፤ የሚፈልገው አንድ የማኅተም ቀለም፣ አንድ ብሩሽና አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው።

የማኅተሙን ቀለም በፕላስቲክ ክዳን ላይ ጫን አድርገው በጥቂት ውሃ ቢበጠብጡትም እንደ ማንኛውም የውሃ ቀለም በብሩሽ ይቀቡበታል፤ የተለየ የውሃ ቀለም ሳጥን መግዛት ለጊዜው ሊቆይ ይችላል።

እርሳስና ሌሎች

ባለቀለም እርሳስ ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። ሰም የበዛባቸው እንደ ፕሪዝማከለር ያሉት ለስላሳ ሆነው ቶሎ ይዋሐዳሉ፤ ዘይት የበዛባቸው እንደ ፋበር ካስቴል ፖሊክሮሞስ ያሉት ጠንከር ስለሚሉ ለቀጭን ሥራ ይመቻሉ። በሁለቱም ሁልጊዜ በተሳለ ጫፍ፣ በቀላል እጅ፣ በትናንሽ ክብ እንቅስቃሴ ድርብ በድርብ ይሠራል። ከመጀመሪያው ከተጫኑ የወረቀቱ ሸካራነት ይደፈንና ሁለተኛው ቀለም አይይዝም። ሲጨርሱ በነጭ ወይም በፈዛዛ ቢጫ እርሳስ ጠበቅ አድርገው ቢያሹበት በእርሳሱ ሥር የቀሩት ነጫጭ ነጥቦች ይሸፈናሉ። ሽታ በሌለው የቀለም ማቅጠኛ ጫፉን ነክሮ በተጠቀለለ የወረቀት ዱላ ማሸትም ይቻላል፤ ሁልጊዜ ከፈዛዛው ወደ ጠቆረው እየሄዱ፣ መስኮት ከፍተው፣ ከእሳትና ከልጆች አርቀው ይሁን።

ማርከርና እርሳስ አብረው ሲሠሩ ከሁለቱም የሚበልጥ ውጤት ይሰጣሉ፤ ማርከሩ መሠረቱን ይሞላል፣ እርሳሱ በላዩ የአበባውን ጅማትና የጥላውን ጥግ ያጠራል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም። ሰም በተቀባበት ላይ ማርከር ቢያሳልፉ የማርከሩ ጫፍ በሰም ተደፍኖ ይበላሻል።

በሙቀት የሚነሣ መስመርም ለውሃ ቀለም ይጠቅማል። ማኅተሙ ቶሎ በማይደርቅ አጣባቂ ቀለም ይታተማል፣ ወዲያው በሙቀት ቀልጦ መስመሩን ከፍ የሚያደርግ ደቃቅ የኅትመት ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ትርፉ ይራገፋል፣ ከዚያ ሂት ገን በሚባለው የሞቃት አየር መሣሪያ ዱቄቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይሞቃል። የፀጉር ማድረቂያ ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱ ሳይበቃ ነፋሱ ዱቄቱን ይበትነዋል። ከማተማችን በፊት ወረቀቱን በጥቂት የሕፃን ፓውደር ብንጠርገው ዱቄቱ በማይፈለግበት ቦታ አይጣበቅም። ዱቄቱ ሲያብረቀርቅ ወዲያው ማቆም ይገባል፤ ከልክ በላይ የሞቀው ወደ ወረቀቱ ሰምጦ ይደበዝዛል። ከፍ ያለው መስመር ውሃውን እንደ ግድብ ስለሚይዘው የእጁ እርግጠኝነት ያልጎለበተ ሰው እንኳን ከመስመር ሳይወጣ ይቀባል።

መስመር አልባው አቀባብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማኅተሙ ለዓይን በሚያስቸግር ፈዛዛ ቀለም ይታተምና ሲቀባ መስመሩ ከቀለሙ ሥር ይጠፋል። ውጤቱ በብሩሽ የተሣለ ይመስላል፣ ለአደይ አበባም ያምራል፤ ነገር ግን ቅጠልን ከቅጠል የሚለይ መስመር ስለሌለ ልዩነቱን ጥላው ብቻ ይሸከማል። የቢጫን ጥላ ሳይለምዱ ወደዚህ ቢሄዱ የሚያገኙት አንድ ቢጫ ክምር ነው።

የተቀባው ሥዕል ሌሊቱን ይደር። ከዚያ አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ግማሽ ሲታጠፍ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ ይወጣዋል፤ ሥዕሉ በ95 በ138 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ በላዩ ከተለጠፈ በዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር ዳር ይተርፋል፣ የተለመደው 114 በ162 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖስታም ይበቃዋል። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን በሥዕሉ ላይ በቀጥታ ከማተም ይልቅ በተለየ ቁራጭ ላይ አትሞ መለጠፍ ይመረጣል፤ ፊደሉ ቢበላሽ የሁለት ሰዓት ሥራ አብሮት አይበላሽም። ማርከርና ወደ ወረቀት የሚዘልቅ የማኅተም ቀለም በፀሐይ ስለሚፈዙ፣ የተዘጋጁት ካርዶች እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ከመስኮት ርቀው በተዘጋ ሳጥን ይቀመጡ። ከመለጠፍዎ በፊት ግን በሥዕሉ ላይ የተጠቀሙባቸውን ቀለሞች ቁጥር በማስታወሻ ደብተርዎ ይጻፉ፤ አንዱ ወዳጅ ለመስከረም የተላከለትን ዓይነት ለልደቱ ሲጠይቅ ያ ቢጫ ከየትኞቹ እንደተሠራ የሚያገኙት እዚያ ብቻ ነው።